ሞተር ጉድጓድ ይፈራል ወይ?

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የልጄ ልጅ ሊያ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን እያየች በሳቅ ትፈርሳለች። «አባባ፣ ይሄን ስሙልኝ!» አለችኝ። ቴሌግራም ላይ የሳይንስ ወዳጆች የተሰበሰቡበት ግሩፕ አላት። ትናንት የገባ አንድ አዲስ ሰው «ቤቴ በጣም ይሞቃል፤ የፍሪጁን በር ከፍቼ ብተወው ይቀዘቅዝልኛል ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ከሥሩ ሰው ተሰልፎ ይስቅበታል። አንዱ «ለፍሪጁ ጃኬት ግዛለት» ይላል፤ ሌላው «ለምን ራስህ ገብተህ አትዘጋውም?» ይላል። ሊያም የራሷን ልትጨምር አውራ ጣቷን አሰናድታለች። «ተዪው!» ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቴ አስደነገጣት። «ምነው አባባ? ቀልድ እኮ ነው» አለች። ቀልድ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። የዚህ ቀልድ የጥንት ባለሙያ እኔ ነኝ። «ውሃ ስጪኝ» አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ሙሉውን ከአንድ ሽማግሌ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እሳቸውም ሞተዋል።

ያኔ ሰበታ ላይ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ማኪያቶ ሦስት ብር፣ ሳንቡሳ አንድ ብር የነበረበት፣ ሞባይል ያለው ሰው ስልኩን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ወጣቱ ኪሱ የበዛ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን በጄል አጣብቆ ይውላል። እኔ ደግሞ እጅጌው በጠመኔ የነጣ ቡኒ ኮት ነበረኝ፤ ክረምት ከበጋ እሱው ነው። ወደ ተጂና ተፍኪ የሚጭኑ ታክሲዎች ረዳቶች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ከሚጣሩበት መናኸሪያ ማዶ፣ ከጨርቅ ሱቁ በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ ጫልቱ የምትባል ሴት ኢንተርኔት ቤት ከፍታ ነበር። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ። ደቂቃው ሃያ አምስት ሳንቲም። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሳንቡሳ ገዝተህ፣ በልተህ፣ እጅህን ታጥበህ ትመለሳለህ። ታች ያለው ሙዚቃ ቤት አንዲት የኦሮምኛ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግም፣ ኦሮምኛ የማይችለው ሰው እንኳ እየጻፈ ያንጎራጉራታል። አሁን ያ ፎቅ ፈርሶ ባንክ ተሠርቶበታል። በዚያ ሳልፍ ጆሮዬ አሁንም ዘፈኗን ይፈልጋል።

እዚያች ክፍል ውስጥ ነው «ለምን ቤት» ከሚባል የኢንተርኔት የሳይንስ መድረክ ጋር የተዋወቅኩት። ኮምፒውተሮቹ ላይ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለህ ካላነበብከው አይገባህም። ሁሉም በቅጽል ስም ይገባል። የእኔ «አቶም» ነበር። የመድረኩ ጠባቂዎች ሁለት ነበርን። ሁለተኛው ሱሉልታ የሚኖሩት ኦቦ ለሚ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በውሃ ቁፋሮ ማሽን ላይ የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ፣ ነገረኛ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። የቤቱ ሕግ ጥብቅ ነበር፤ አዲስ የመጣ ሰው ስሙን፣ አገሩንና ሥራውን ሳይናገር አይጠይቅም። ሌላም ወግ ነበረን፣ እኔ ያመጣሁት። አርብ አርብ የሳምንቱን ሞኝ ጥያቄ መርጠን ዘውድ እንጭንለታለን። አንድ የጫንጮ ገበሬ «ላሜ ራዲዮ ስትሰማ ወተት ትጨምራለች፤ የትኛው ጣቢያ ይሻላታል?» ብሎ ዘውድ ወስዷል። «መብረቅ ቀይ ልብስ ይወዳል ወይ?» ያለች ተማሪም ወስዳለች። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን የሚዋረደው የጠየቀው ነበር። ክፍል ውስጥ ተማሪ ላይ የማልሞክረውን ነገር እዚያ እደፍር ነበር። ፊት አይታይማ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ አዲስ ሰው መጣ። የጻፈውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሳሙኤል እባላለሁ። አገሬ ወላይታ ነው። ቡራዩ ኬላ አካባቢ ከሚስቴ ወንድም ከኤልያስ ጋር የውሃ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ጥያቄዬ፣ ሞተር ጉድጓድ ይፈራል ወይ? ውሃ የሚስበው ሞተር እላይ ሲነሳ ደህና ይሠራል። ታች ስናወርደው ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ስናወጣው ደግሞ ደህና ነው።»

ሞተር ጉድጓድ ይፈራል ወይ! ወንበሬ ላይ ተንፈራፈርኩ። ጣቴ ቶሎ ቶሎ ሄደ፤ «ሞተርህ ጨለማ ፈርቶ ነው። እጁን ይዘህ አብረኸው ውረድ» ብዬ ጻፍኩ። ኦቦ ለሚ ከሱሉልታ «እምቢ ካለ ጠበል ውሰዱት» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ሳቁ ገጽ በገጽ ሆነ። ጫልቱ ከኋላዬ ቆማ አንብባ «መምህር፣ እርስዎ እኮ ጽድቅ የለዎትም» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች። አርብ ዕለት ሳሙኤል ዘውዱን ያለ ተፎካካሪ ወሰደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እኔ በዚያ ሳምንት ሁለቱም ደርሰውብኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እስከ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ አላስተምርም ነበርና እንደ ልማዴ ጫልቱ ጋ ወጣሁ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ፀሐይ ገብቷል፣ ዘፈኗ ታች ጀምራለች። ባለ ዘውዱ እሁድ ከሰዓት ጽፎ ኖሯል። «ስለ መልሱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኤልያስ ነግሬው ወዶታል። ‹ሰኞ ሞተሩን አስነስቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ሊጠፋ ሲል ቤንዚን እሰጠዋለሁ› ብሏል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐሙስ ሞተሩ ጠፍቶ ሊያስነሳው ሲወርድ ራሱን አመመው፣ ጉልበቱም ከዳው፤ ተንጠልጥሎ ነው የወጣው። ሰውም ጉድጓድ ይፈራል ማለት ነው?»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ራሱን አመመው። ጉልበቱ ከዳው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ነዳጅ አየር አጥቶ ሲነድ የሚወጣ፣ ሰውን ሳያስነቃ የሚገድል ጋዝ። ተማሪዎቼን በፈተና እጠይቃለሁ፤ ያልመለሰውን ነጥብ እቀንስበታለሁ። ይኸው ሰውየው ያንኑ ጋዝ በእጁ ይዞ መጥቶ ቢጠይቀኝ ዘውድ ጫንኩለት። ለምን ሞተሩን እንደሚያወርዱት እንኳ ለማሰብ አልሞከርኩም። እንዲህ ያለ ሞተር ውሃን ከሰባት ስምንት ሜትር በታች መሳብ አይችልም። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ሞተሩን ወደ ውሃው ማቅረብ ግድ ሆኖባቸዋል። ሰዎቹ ያላቸውን ጥበብ ሁሉ ተጠቅመው የጎደላቸውን አንዷን ነገር ነበር የጠየቁኝ። ቀኑ ደግሞ ሰኞ ነው፤ ሰዓቱም ሦስት ሰዓት አልፏል።

«አትውረዱ! መርዝ ነው!» ብዬ መድረኩ ላይ ጻፍኩ። ከጻፍኩ በኋላ ነው ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ኮምፒውተር ፊት እንደማይቀመጥ ያሰብኩት። የጫልቱን ስልክ ነጥቄ ኦቦ ለሚ ጋ ደወልኩ።

«ኦቦ ለሚ፣ ያ የቡራዩ ሰውዬ...»

«ባለ ዘውዱ? ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» ሳቃቸውን ጀመሩ።

«ሰው አጠገቡ ሊያስቀምጡ ነው። ታች። ሞተሩ እየሠራ።»

ሳቁ ቆመ። «ያ ዋቅ!» አሉ፣ አምላካቸውን ጠርተው። «አየር አጥቶ ነው እኮ የሚጠፋው። በራሱ ጭስ ታፍኖ። ብረቱ ያልቻለውን ሥጋ ለባሽ ይችላል? እኔ ከዚህ ብነሳ እንጦጦን ዞሬ ነው የምደርሰው። ሂድ አንተ! ምን ቆመህ ታወራኛለህ?»

ጫልቱ ደረጃው ድረስ ተከትላኝ ወጥታ ሌላ ጊዜ እንደምትለው ስለ ደቂቃው ምንም አላለችም። «ይሩጡ» ብቻ አለችኝ። ትምህርት ቤቱን አላስፈቀድኩም።

ከሰበታ ቡራዩ ዛሬም ቢሆን ቀላል መንገድ አይደለም። ያኔ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ ነው፤ አራት ታክሲ፣ አራት ሰልፍ፣ አራት ረዳት። ዓለም ገና ከተማ ስንደርስ ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» ብሎ ቆመ። «የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳ!» አልኩት። አጠገቤ ጭድ ውስጥ እንቁላል የሸጎጠች ሴት ተቀምጣ ነበርና «ቀስ ይበል ጋሼ፣ ይሰበርብኛል» ትላለች። አየር ጤና ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ የኳስ ወሬ ያዳምጣል፣ ከኋላ የተቀመጡት በቅጣት ምት ይጨቃጨቃሉ። ከመኪናው ሁሉ የምቸኩለው እኔ ብቻ ነኝ። ሰዓቴን አያለሁ። አሁን አውርደውታል። አሁን አስነስተውታል። አሁን ኤልያስ የሚባለው፣ ፊቱን የማላውቀው ሰው፣ እኔ ባልኩት መሠረት ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጧል። አብረኸው ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ኮቴ ውስጥ ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ዛሬ ቢሆን ስልክ ቁጥሩን በአንድ አፍታ አገኘው ነበር፤ አንዳንዴ ሰው ስለ ድሮ ጊዜ ጣፋጭነት ሲያወራኝ ያቺ ታክሲ ትዝ ትለኛለች።

ኬላ ስወርድ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መንገድ ዳር ድንች የደረደሩ ሴትዮ ነበሩ። «አካም ጂርቱ ኦቦ? ምነው እንዲህ ያለከልካሉ?» አሉኝ። «ጉድጓድ ቆፋሪዎች፣ ከወላይታ የመጡ» አልኳቸው ትንፋሽ አጥቶኝ። ፊታቸው ተለወጠ። «ከጸሎት ቤቱ በላይ፣ ያላለቀው ቤት ጋ። አሁን ጩኸት ሰምተን ሰው ሁሉ ወደዚያ ሮጧል።» ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ዳገት ሲሮጥ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ ገምቱት።

ቀይ አፈር ተከምሯል። ሰው ከቦ ቆሟል። ሰውን ገፍቼ ስገባ አንድ ጎልማሳ አፈሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ብብቱ ሥር ወፍራም ገመድ ታስሯል። ሌላው፣ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በካርቶን ያራግብለታል፣ «ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ!» እያለ ያለቅሳል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግን ከዚህ የባሰ ነገር አየሁ። አንድ ግንበኛ አንድ እግሩን ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ወደ ተቆፈረው መርገጫ አስገብቷል። «ሞተሩን ላውጣ፣ የሰው ንብረት ነው» ይላል። ዘልዬ ቀበቶውን ያዝኩት። «ከወረድክ አትወጣም!» ብዬ ጮህኩ። «ልቀቀኝ! አንተ ማነህ?» ብሎ ታገለኝ። ጠንካራ ልጅ ነበር። አፈሩ ከእግራችን ሥር ይናዳል፣ ጠጠሩ ታች ውሃው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ «መርዝ ነው! መርዝ ነው!» ብቻ እላለሁ። ሁለት ሰዎች ደርሰው ሁለታችንንም ወደ ኋላ ሲጎትቱን አንድ ላይ አፈሩ ላይ ወደቅን። የኮቴ እጅጌ እስከ ክርኑ ተተረተረ። ያኔ ከኋላችን የተኛው ሰው አሳለ። ከዚያ አስታወከ። ከዚያ ዓይኑን ከፈተ። እኔ ተቀምጬ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በአሸዋ መኪና ጤና ጣቢያ አደረስነው። ኦክስጅን አደረጉለት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሙን ተናገረ፣ አሥር ሰዓት ላይ ራበኝ አለ። እኔና ሳሙኤል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ። ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ከሰበታ የመጣሁ መምህር መሆኔን፣ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉን አይቼ እንደሮጥኩ ነገርኩት። ሞተሩ ለምን እንደሚጠፋም አስረዳሁት፤ በአምስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ረቡዕ ዕለት የሚፈጅብኝም ይኸው ነበር። ከዚያ ሲከነክነኝ የዋለውን ጠየቅኩት።

«ገመዱን እሰርለት ያለህ ማነው?»

«ማንም። ኤልያስ እንዲያውም ተቆጣኝ፤ ‹በሬ ነኝ እንዴ የምታስረኝ?› አለኝ። ስጠራው ዝም ሲል ከግንበኞቹ ጋር ሆነን ጎተትነው።»

«ታዲያ ለምን አሰርከው?»

«‹ለምን ቤት› ውስጥ ያሉት ሁሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ጠየቅኳቸው፣ ሳቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ይናገረዋል እንጂ ምን ያስቀዋል? አለማወቃቸው ገባኝ። የተማረ ሰው የማያውቀው ነገር ታች ካለ፣ እንዲሁ አይወረድም ብዬ አሰርኩት።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሰው። ሳሙኤል ጠርጥሮ ነበር፣ የጠረጠረውም የእኛን እውቀት ነው። ስንት ዓመት ሳይንስ አስተምሬ እንዲህ አድርጎ ያሰበ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። እሱ ግን ገና ጥያቄ ነበረው።

«መምህር፣ አቶም የሚባለውን ሰው ያውቁታል? አብረኸው ውረድ ያለን እሱ ነው።»

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኑን አየሁት። ጭቃው እጁ ላይ ደርቋል፣ ካርቶኑን እስካሁን አልጣለውም።

«በስም ብቻ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አለ። ከዚያ ተነሳ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ፣ ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል በትከሻው ያዝኩት። «ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያልሳቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። እኔም አቅፌ ሳምኩት፣ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ዘውዱን በዚያው ሳምንት አስቀረነው። ኦቦ ለሚ እስኪሞቱ ድረስ በተገናኘን ቁጥር፣ ሰላምታ ሳይጨርሱ፣ «ነገርከው?» ይሉኝ ነበር። «እነግረዋለሁ» እላለሁ። መድረኩም እንደ ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ሰው አጥቶ ተዘጋ። ሳሙኤል ግን ይኸው እስከ ዛሬ ለገና ይደውላል፣ ለፋሲካ ይደውላል። ኤልያስ ሦስት ልጆች ወልዷል፤ አሁን ሞተራቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ጭስ የሌለው ነው። አምና ሳሙኤል ሰበታ ለሥራ መጥቶ ቤቴ ጎራ ሲል፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ ፈልግልኝ ብለው በራሱ ስልክ ደወለልኝ። የራሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበርና አጎንብሼ አየሁት። የመዘገበኝ በስሜ አይደለም። «ያልሳቁት መምህር» ይላል።

ሳሙኤል ወንድሜ፣ በስም ብቻ አይደለም የማውቀው። አቶም እኔ ነኝ።